አንዱ በሌላው ውስጥ፤ ስለ ኤችቲኤምኤል ክፍሎች አከታተት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ሰዓት የተነገረ)



ለዛሬው ንግግር የመረጥነው ጕዳይ ሲሰሙት ደረቅ የሚመስል ነው። የኤችቲኤምኤል ክፍሎች አንዱ በሌላው ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ እንናገራለን ብለን ርእሱን በሰሌዳ ላይ በለጠፍን ጊዜ አንድ ወዳጃችን፤ «ይህ የኮምፒውተር ተማሪዎች የቤት ሥራ ነው እንጂ የማኅበር ጕዳይ አይደለም» ሲል ተችቶናል። ባለፈው መንፈቅ የደረሰብን ነገር ባይኖር ኖሮ እኛም ሐሳቡን በተቀበልነው ነበር። ዳሩ ግን ደርሶብናልና ከዚያው እንጀምር።

እንደምታስታውሱት ማኅበራችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማስጠናት አገልግሎት ለመስጠት ባሰበ ጊዜ የመመዝገቢያውን ገጽ የማዘጋጀት ኀላፊነት ለእኛ ተሰጠ። ገጹን ሠራን፤ ሞከርነው፤ ደኅና ሆነ። በመጨረሻው ሌሊት ግን ተማሪው የትምህርት ክፍሉን ስም ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ሳይደክም እንዲያገኝ ብለን በቅጹ መካከል አንዲት ትንሽ የመፈለጊያ ቅጽ አስገባን። ቅጽ በቅጽ ውስጥ ማለት ነው። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት አልፎ ነበርና መልኩን ብቻ አየን፤ አማረ ብለን ተኛን።

በማግሥቱ መዝገቡ መሙላት ጀመረ። ስም አለ፤ የመታወቂያ ቍጥር አለ፤ የትምህርት ክፍል ግን የለም፤ ስልክ ቍጥር የለም፤ ተማሪው ሊረዳበት የሚፈልገው ትምህርትም የለም። ጥቂቶቹ ደግሞ ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጥተው «‹ላክ› የሚለውን ብንጫን ብንጫን ምንም አይልም» አሉን። ማን ምን እንደ ፈለገ ለማወቅ በየመኝታ ቤቱ እየዞርን ስንጠይቅ ሰነበትን። ያገኘናቸው አሉ፤ ያላገኘናቸውም አሉ። ካላገኘናቸው መካከል ያለ ረዳት ለፈተና የተቀመጡ መኖራቸው አይጠረጠርም። ስሕተቱ የሌላ የማንም አይደለም፤ የእኛ ነው። የሆነውን በትክክል ለማስረዳት ግን አስቀድሞ ሕጉን መናገር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለጊዜው ቅጹን እዚህ ላይ እንተወውና ኋላ እንመለስበታለን።

ኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ የሚጻፍበት የምልክት ቋንቋ ነው። የድረ ገጹን ዓለም የመሠረተው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ ሐሳቡን ያቀረበው በጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ተቋም ሲሠራ በ1989 ነበር። (በዚህ ንግግር የምንጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ቋንቋውን ግን ከባዶ አልፈጠረውም። በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ከጸደቀው ኤስጂኤምኤል ከሚባለው የምልክት ሥርዓት ብዙ ነገር ወስዷል። ያም ራሱ በ1969 በአይቢኤም ኩባንያ ውስጥ ጎልድፋርብ፣ ሞሸርና ሎሪ የተባሉ ሦስት ሰዎች ከጀመሩት ጂኤምኤል ከሚባለው የተወለደ ነው። ጂ፣ ኤም፣ ኤል የሦስቱ ሰዎች የስማቸው መነሻ ፊደላት መሆናቸውን ስናነብ ትንሽ ሳቅ ብለናል፤ ስሙን በቋንቋ ላይ መተው የሚወድ ሊቅ በእኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለን ነበር።

የእነዚያ ሰዎች ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ጽሑፍ መስመር በመስመር የሚከተል የፊደል ሰልፍ ብቻ አይደለም፤ ክፍል ነው፤ በክፍሉም ውስጥ ሌላ ክፍል አለ። መጽሐፍ ምዕራፍን ይይዛል፤ ምዕራፍ አንቀጽን፤ አንቀጽ ቃልን። የእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ በምልክት ከታወቀ ማሽን እንኳ የጽሑፉን አካል ሊለይ ይችላል። በኤችቲኤምኤል የመጀመሪያው ምልክት መክፈቻ ታግ ይባላል፤ የመጨረሻው መዝጊያ ታግ። ሁለቱና በመካከላቸው ያለው ሁሉ ተደምሮ ኤለመንት ነው። ታጎቹ በእውነተኛው ገጽ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እኛ ግን ለዚህ ጋዜጣ በድምፃቸው እንጽፋቸዋለን። ለምሳሌ አንቀጽ እንዲህ ይሆናል፦

<ፒ>ማኅበሩ ዛሬ ይሰበሰባል።</ፒ>

እዝባር ያለበት መዝጊያው ነው። «ዛሬ» የሚለውን ቃል ለማድመቅ ብንፈልግ በአንቀጹ ውስጥ ሌላ ኤለመንት እንከታለን፦

<ፒ>ማኅበሩ <ቢ>ዛሬ</ቢ> ይሰበሰባል።</ፒ>

እዚህ ላይ ‹ፒ› ወላጅ ነው፤ ‹ቢ› ልጅ ነው። ልጁም ልጅ ሊኖረው ይችላል፤ እንዲሁ እያለ ይወርዳል። ገጹ በሙሉ ሲታይ አንድ ሥር ያለው ዛፍ ይሆናል፤ ሥሩ ‹ኤችቲኤምኤል› የሚባለው ኤለመንት ነው፤ ከእርሱም ሁለት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ‹ሄድ› እና ‹ቦዲ›።

የመጀመሪያው ሕግ፤ መጨረሻ የተከፈተ መጀመሪያ ይዘጋል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ክብ ሆኖ የተሠራ ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። የሚገባው ሰው ከውጭ ወደ ውስጥ በተራ ይገባል፤ የሚወጣውም በተራ ይወጣል። ከመቅደስ የወጣ ካህን ቅድስትን ሳይረግጥ ቅኔ ማኅሌት ላይ ሊገኝ አይችልም። ብራውዘሩም ገጹን ሲያነብ የከፈተውን ኤለመንት ሁሉ በመሶብ ውስጥ እንደሚደራረብ እንጀራ አንዱን በአንዱ ላይ ያኖራል፤ መዝጊያ ሲያገኝ ከላይ ያለውን ያነሣል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሕግ ሳያውቀው ሲሠራበት ይኖራል። «ነገ እመጣለሁ ብሎኛል ብላ ነገረችን» ስንል ሁለት ንግግር አንዱ በሌላው ውስጥ ታቅፏል። የውስጡን የሚዘጋው «ብሎኛል» ነው፤ የውጭውን የሚዘጋው «ብላ ነገረችን» ነው፤ ተራቸውም አይፋለስም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን ቋንቋችን መክፈቻውን አይጽፍም። የሰውየው ንግግር ከየት እንደ ጀመረ የምናውቀው መዝጊያውን ከሰማን በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን ነው። በኤችቲኤምኤል የተገላቢጦሽ ነው፤ መክፈቻው በአብዛኛው ግድ ሲሆን የአንዳንዱ ኤለመንት መዝጊያ ሊቀር ይችላል። የአንቀጽና የዝርዝር አባል መዝጊያዎች ቢቀሩ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ለዚህ ታሪካዊ ምክንያት አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ‹ፒ› በሁለት አንቀጾች መካከል የሚጣል መለያ ነበረ እንጂ አንቀጹን የሚያቅፍ አልነበረም።

ተራው ሲፋለስስ ምን ይሆናል? ይህን ተመልከቱ፦

<ፒ>ማኅበሩ <ቢ>ዛሬ <አይ>ማታ</ቢ> ይሰበሰባል</አይ></ፒ>

‹ቢ› ደማቅ ነው፤ ‹አይ› ዘመም ያለ ጽሕፈት ነው። (ፊደልን ማዝመም የእኛ የጽሕፈት ወግ እንዳልሆነ፤ አባቶቻችንም የከበረውን ስም የሚለዩት በቀይ ቀለም እንደ ነበረ በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን።) ‹ቢ› ከ‹አይ› በፊት ተከፍቶ ከእርሱ በፊት ተዘጋ፤ ማለት ‹አይ› ግማሽ አካሉ ውስጥ ግማሽ አካሉ ውጭ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በዛፍ ሊሣል አይችልም፤ አንድ ቅርንጫፍ ሁለት ግንድ የለውምና። የዛሬ ብራውዘር ይህን ሲያገኝ ‹አይ›ን ለሁለት ይቈርጠዋል። አንዱ በ‹ቢ› ውስጥ ሆኖ «ማታ» የሚለውን ይይዛል፤ ሁለተኛው ከ‹ቢ› ውጭ ሆኖ «ይሰበሰባል» የሚለውን ይይዛል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ለዚህ ጥገና ያወጡለት ስም በአማርኛ ሲመለስ «የጉዲፈቻ ድርጅት» እንደ ማለት ነው። ወላጁን ያጣውን ልጅ ለሌላ ወላጅ ይሰጣልና ስሙ ያለ ነገር አልተሰጠም።

እስከዚህ ያልነው ስለ ተራ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ማን በማን ውስጥ መግባት ይችላል የሚለው ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምሳሌ እንመለስና፤ በሩን በተራ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ መቅደስ የሚገባው ካህንና ዲያቆን ብቻ ነው። በኤችቲኤምኤልም እያንዳንዱ ኤለመንት ማንን እንደሚቀበል ተወስኗል።

እስከ 4.01 ድረስ፤ ማለት እስከ 1999 በወጣው ሕግ፤ ነገሩ በሁለት ስም ይነገር ነበር። የራሱን መስመር የሚይዘው ብሎክ፤ በመስመር ውስጥ ከቃላት ጋር የሚሄደው ኢንላይን ይባል ነበር። ብዙ መማሪያ ጽሑፍ ዛሬም እንዲሁ ያስተምራል። በ2014 የጸደቀው አምስተኛው ኤችቲኤምኤል ግን ይህን ትቶ ኤለመንቶቹን በይዘታቸው ዐይነት መድቧቸዋል። ለእኛ ለጀማሪዎች ከእነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ፤ በገጹ አካል ውስጥ የሚፈሰው ይዘት በሞላ፤ ከዚያም ውስጥ ሐረግ የሚሆነው ክፍል። አንቀጽ የሚቀበለው ሐረጉን ብቻ ነው፤ ቃል፣ ሥዕል፣ ማያያዣ፣ የደመቀ ጽሑፍ። ሌላ አንቀጽ፣ ዝርዝር፣ ሠንጠረዥ ወይም ‹ዲቭ› የሚባለውን ጠቅላላ መያዣ አይቀበልም። መልክን በመለወጥ ይህን ሕግ ማለፍ አይቻልም። ‹ስፓን› የተባለውን የሐረግ ኤለመንት በሲኤስኤስ የራሱ መስመር እንዲኖረው ብናደርገው እንኳ አንቀጽን የማቀፍ መብት አያገኝም። ካባ የለበሰ ሁሉ ካህን አይደለም።

የአንቀጽና የዝርዝር ነገር ብዙዎቻችንን ስላሳሳተ ጥቂት እንቆይበት። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

<ፒ>የምናስጠናቸው ትምህርቶች <ዩኤል><ኤልአይ>ሒሳብ<ኤልአይ>ፊዚክስ</ዩኤል> ናቸው።</ፒ>

በአማርኛ ሰዋስው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ውስጥ መክተቱ ይፈረድለታል። ብራውዘሩ ግን ‹ዩኤል› የሚለውን የዝርዝር መክፈቻ ሲያይ አንቀጹን ሳይጠይቅ ይዘጋዋል፤ ዝርዝር በአንቀጽ ውስጥ አይገባማ። ስለዚህ ዝርዝሩ የአንቀጹ ልጅ መሆኑ ቀርቶ ወንድሙ ይሆናል። «ናቸው» የሚለው ቃል ከማንኛውም አንቀጽ ውጭ ሜዳ ላይ ይወድቃል። በመጨረሻም ያ የተጻፈው የአንቀጽ መዝጊያ ይመጣል፤ የሚዘጋው ግን የለም። ብራውዘሩ ይህን ጊዜ የሚያደርገው የሚያስገርም ነው፤ ለመዝጊያው ብሎ አንድ ባዶ አንቀጽ ፈጥሮ ወዲያው ይዘጋዋል። በዚህ ምክንያት በገጹ ላይ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ባዶ ቦታ ሊታይ ይችላል። ለአንቀጹ የሰጠነው ቀለምም «ናቸው» ላይ አይደርስም። እኛ ራሳችን በአንድ ወቅት ያንን ባዶ ቦታ ለማጥፋት አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በሲኤስኤስ ስንታገል ውለናል፤ ሲኤስኤስ ምንም አላጠፋም ነበር።

ማያያዣ፤ ማለት ‹ኤ› የሚባለው፤ ልዩ ጠባይ አለው። የራሱ የሆነ ልክ የለውም፤ የሚቀበለው ወላጁ የሚቀበለውን ነው። በአንቀጽ ውስጥ ከሆነ ሐረግ ብቻ ይይዛል፤ በቀጥታ በገጹ አካል ውስጥ ከሆነ ግን ርእስንና አንቀጽን አንድ ላይ ሊያቅፍ ይችላል። ይህ በ4.01 የተከለከለ ነበር። ማያያዣ በማያያዣ ውስጥ ግን ዛሬም ክልክል ነው፤ ብራውዘሩም ሁለተኛውን መክፈቻ ሲያይ የመጀመሪያውን ይዘጋል። መጫኛን በማያያዣ ውስጥ መክተትም እንዲሁ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን ይህን ብራውዘሩ አያርመውም፤ እንዳለ ይተወዋል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንለምናለን። ብራውዘሩ ያልተቃወመው ሁሉ የተፈቀደ አይደለም። አንዱን ስሕተት በራሱ ሥልጣን ያስተካክላል፤ ሌላውን አይቶ ያልፋል፤ ለሁለቱም ግን ለጸሐፊው አይናገርም።

ሠንጠረዥ ለብቻው ንግግር የሚሻ ስለሆነ ባጭሩ እንለፈው። በ‹ቴብል› ውስጥ ከሣጥን ውጭ የተጻፈ ቃል ከሠንጠረዡ ተባርሮ ከሠንጠረዡ በፊት ይቀመጣል፤ ሕጉም ይህን «ማደጎ» እንደ ማለት ባለ ስም ይጠራዋል። እንዲሁም እኛ ባንጽፈውም ረድፎቹን የሚያቅፍ ‹ቲቦዲ› የሚባል ኤለመንት ብራውዘሩ ራሱ ያስገባል። የሠንጠረዡ የቅርብ ልጅ ረድፍ ነው ብለው ሲኤስኤስ የሚጽፉ ሰዎች ትእዛዛቸው የማይሠራው ስለዚህ ነው። ምንም የማይቀበሉ መካኖችም አሉ፤ ሥዕል፣ መስመር መቍረጫና የጽሑፍ ማስገቢያ ሣጥን መዝጊያ የላቸውም። በሌላ በኩል ‹ዲቭ›ን በመክፈቻው ውስጥ እዝባር ጨምሬ ዘጋሁት የሚል ሰው ተታሏል፤ እዝባሩ አይቈጠርምና ‹ዲቩ› ክፍት ሆኖ የሚከተለውን ሁሉ ይውጣል።

አሁን ከወዳጆቻችን ጋር ብዙ የተከራከርንበትን እናንሣ። ብራውዘሩ ይህን ያህል የሚጠግን ከሆነ ስለ ምን እንጨነቃለን? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ2000 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤል የሚባለው ሕግ ጥገናን ጨርሶ ሊያስቀር አስቦ ነበር። ገጹ በዚያ ሥርዓት ከተላከ አንዲት ታግ ብትፋለስ አንባቢው የሚያየው ገጹን ሳይሆን የስሕተት ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሐሳቡ ለመምህር ደስ የሚል ነበር፤ ለዓለሙ ግን አልሆነም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው ብራውዘር በዚያ ሥርዓት የተላከን ገጽ መቀበል የጀመረው በዘጠነኛው እትሙ፤ በ2011 ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ የኤክስኤችቲኤምኤልን ልብስ አልብሰው እንደ ተራ ኤችቲኤምኤል ይልኩት ነበር። በ2004 የአፕል፣ የሞዚላና የኦፔራ ሰዎች ተሰብስበው ሌላ መንገድ ጀመሩ። ስሕተትን መከልከል ካልተቻለ የስሕተቱ አጠጋገን አንድ ይሁን አሉ። ቀድሞ እያንዳንዱ ብራውዘር በየራሱ መንገድ ሲጠግን የነበረውን፤ አሁን ሁሉም በአንድ ደንብ እንዲጠግን ተጻፈ። በ2019 ደብሊውሦስትሲ የተባለው አንጋፋው ማኅበር ራሱ ይህንኑ ሕግ ለመቀበል ተስማማ።

በበኩላችን የኋለኛውን መንገድ እንደግፋለን። በአንዲት ምልክት ምክንያት አንባቢን ከደጅ መመለስ ቅጣቱን ባጠፋው ሰው ላይ ሳይሆን ባላጠፋው ላይ መጣል ነው። ነገር ግን ጥገናው አንድ ሆነ ማለት ጥገናው የጸሐፊውን ሐሳብ ያውቃል ማለት አይደለም። ማሽኑ ዛፉን ያቃናል፤ ዛፉ እኛ የፈለግነው ዛፍ መሆኑን ግን ሊያውቅ አይችልም።

ይህም በመልክ የማይታይበት ጊዜ አለ፤ ከሁሉ የሚከፋውም እርሱ ነው። በመካከላችን ዐይነ ስውር የሆኑ ጓደኞች አሉን። እነርሱ ገጹን የሚያነቡት ስክሪን ሪደር በሚባል፤ ጽሑፉን በድምፅ በሚናገር ፕሮግራም ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው፤ በ2006 ራሱ ዐይነ ስውር የሆነው አውስትራሊያዊ ማይክል ከራን የጀመረው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ይህ ፕሮግራም የሚያነበው ሥዕሉን አይደለም፤ ዛፉን ነው። ዝርዝር ሲያገኝ ስንት አባል እንዳለው ይናገራል፤ የውስጥ ዝርዝር ሲያገኝም ወደ ውስጥ መግባቱን ያስታውቃል፤ ሲጨርስ ከዝርዝሩ መውጣቱን ይናገራል። እንግዲህ «ሒሳብ» በሚለው ሥር «ካልኩለስ» እና «ስታቲስቲክስ» የሚሉትን በውስጥ ዝርዝር ልንጽፍ ብንፈልግ፤ ያ ዝርዝር መግባት ያለበት «ሒሳብ» በሚለው አባል ውስጥ ነው፤ ከ‹ኤልአይ› መዝጊያ በፊት። ብዙ ሰው ግን አባሉን ዘግቶ ሲያበቃ የውስጡን ዝርዝር በሁለት አባሎች መካከል ይጥለዋል። በስክሪን ላይ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም ገባ ብለው ይታያሉ። በዛፉ ላይ ግን ካልኩለስ የሒሳብ መሆኑ ቀረ፤ የማንም ያልሆነ ዝርዝር ሆነ። ማየት የሚችለው ተማሪ በዐይኑ ይሞላዋል። በጆሮው የሚያነበው በምን ይሙላው? አንድ ጓደኛችን የማኅበሩን የቀድሞ ገጽ በዚህ ፕሮግራም አስነብቦ አጠገቡ ተቀምጠን ሰማን። መጨረሻው ላይ «የትኛው የየትኛው እንደሆነ ንገሩኝ» አለን። ገጹን የጻፍነው እኛ ስለሆንን ማፈራችንን አንሸሽግም።

ከመታቀፍ የሚገኝ ጥቅምም አለና እርሱንም እንናገር። ልጅ ከወላጁ ይወርሳል። ገጹ በአማርኛ መሆኑን በሥሩ ላይ ‹ላንግ› በሚባለው ምልክት ከተናገርን በውስጡ ያለው ሁሉ አማርኛ ነው ማለት ነው። በመካከል አንድ የግእዝ ቃል ካለ በ‹ስፓን› አቅፈን ግእዝ ነው እንላለን፤ ከዚያ ስንወጣ አማርኛው ይመለሳል። የጥቅስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ደስ ይላል። ‹ኪው› የሚባል የጥቅስ ኤለመንት አለ፤ ምልክቱን እኛ አንጽፍም፤ ብራውዘሩ ያኖራል። የዓለሙ ሕግ በየቋንቋው የሚደረገውን ሲዘረዝር አማርኛን አልረሳውም፤ ለውጭው ጥቅስ « »፤ በጥቅስ ውስጥ ላለው ጥቅስ ‹ › እንዲሆን ያመለክታል። በዚህ ጋዜጣ የምንጠቀምበትም ያው ነው። ወዳጃችን ሰው የነገረውን ሰው የነገረውን ሲነግረን፤ ደረጃውን ቈጥሮ ምልክቱን የሚለውጠው ማሽኑ ነው።

አሁን ወደ ቅጻችን። ብራውዘሩ ገጽ ሲያነብ «አሁን በየትኛው ቅጽ ውስጥ ነኝ» የሚል አንድ ማስታወሻ ይይዛል። ማስታወሻው አንድ ብቻ ነው፤ ቅጽ በቅጽ ውስጥ መግባት የለበትምና ሁለት አያስፈልገውም። የእኛን የመመዝገቢያ ቅጽ ከፈተ፤ ጻፈ። ስም አነበበ፤ የመታወቂያ ቍጥር አነበበ። ከዚያ የመፈለጊያው ቅጽ መክፈቻ መጣ። «ቀድሞውኑ በቅጽ ውስጥ ነኝ» ብሎ መክፈቻውን ሳይቈጥረው አለፈ። የመፈለጊያው ሣጥንና ‹ፈልግ› የሚለው መጫኛ ስለዚህ የመመዝገቢያው ቅጽ ንብረት ሆኑ። ቀጥሎ የመፈለጊያው ቅጽ መዝጊያ መጣ። መክፈቻውን ያልቈጠረው ብራውዘር መዝጊያውን ግን ቈጠረው። የዘጋውም ክፍት የነበረውን ብቸኛ ቅጽ፤ ማለት የመመዝገቢያውን ነው። ሣጥኖቹን በሌላ መያዣ ሳናቅፍ በቅጹ ውስጥ በቀጥታ ስለ ጻፍናቸው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፤ የትምህርት ክፍሉ፣ ስልክ ቍጥሩ፣ የሚፈለገው ትምህርትና ‹ላክ› የሚለው መጫኛ፤ ከቅጽ ውጭ ሜዳ ላይ ቀረ። ሁሉም በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ይጻፍበታል፤ የሚልከው ግን የለም። ቅጽ የሌለው መጫኛ ቢጫኑት ምንም አያደርግም። ‹ፈልግ› የሚለውን የተጫነ ተማሪ ደግሞ የፈለገው ክፍሉን ሲሆን ሳያውቅ ግማሽ ምዝገባውን ላከልን። የደረሱን ስሞች ሁሉ በዚያ መንገድ የመጡ ናቸው። መረጃውን ስንመረምር ከስሙ አጠገብ «ባዮ» ወይም «ኢኮ» የሚል ቍራጭ ቃል ለምን እንደ ተገኘ ያኔ ገባን።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። የመፈለጊያውን ቅጽ አውጥተን ከመመዝገቢያው በላይ አኖርነው። ቦታውን ሳይለቅ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው፤ አምስተኛው ኤችቲኤምኤል ለሣጥንና ለመጫኛ ‹ፎርም› የሚባል ምልክት ሰጥቷቸዋል፤ የየትኛው ቅጽ እንደሆኑ በስም ይጠራሉ፤ በውስጡ መሆን ግድ አይሆንባቸውም። ደብሊውሦስትሲ በነጻ ለሕዝብ ያቀረበውን መመርመሪያ በዚያች ሌሊት ብንጠይቀው ኖሮ ቅጽ በቅጽ ውስጥ መግባቱን መስመሩን ቈጥሮ በነገረን ነበር። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። እኛ ግን ተኝተን ነበር።

የተስተካከለው ገጽ ለዚህ መንፈቅ ተከፍቷል። ባለፈው ጊዜ ተመዝግባችሁ ጥሪ ያልደረሳችሁ ጓደኞች፤ ይቅርታ እየጠየቅን እንደገና እንድትመዘገቡ እንለምናለን፤ አሁን ‹ላክ› የሚለው ይልካል። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።